አሥራ ሁለት ጊዜ «የለም»

ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ልብስ አጥቤአለሁ። ትምህርት ቤት በደጁ አልፌ እንደሆነ እንጂ ገብቼ አላውቅም፤ ማንበብ የለመድኩት አንሶላ ጠርዝ ላይ ከታተመው ጽሑፍ ነው። «ወሊድ»፣ «ቀዶ ጥገና»፣ «ሕፃናት»። እነዚያ ስንት ዓመት የተማሩ ሰዎች የቀዶ ጥገናውን አንሶላ ወሊድ ክፍል ሲያነጥፉ፣ ገፍፌ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ስለ ቢሮና ስለ ወረቀት ማንም አያስተምረኝም እል ነበር።

አብራኝ የምትኖረው የልጄ ልጅ ናት። አፏን ከፈታች ጀምሮ የማትከራከርበት ነገር ስለሌለ «ጠበቃ» እላታለሁ፤ የምትማረው ግን የውሃ ምህንድስና ነው፣ ሦስተኛ ዓመት። ትምህርት የተከፈተ ሰሞን አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች።

«እማማ፣ ሜንተር ሆኜ ተመረጥኩ።»

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«መካሪ። ከውጭ አገር ለመጡ አዲስ ተማሪዎች አንድ አንድ የአገሬው ተማሪ ይመደብላቸዋል። የሚማሩበትን፣ አውቶቡሱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ታሳያቸዋለህ። በሳምንት አንዴ ትገናኛለህ፤ ፎርም ትሞላለህ፤ ሁለታችሁም ትፈርሙና ለቢሮው ታስገባለህ።»

«አንቺ ልትመክሪ? ምክር ሲነገርሽ ጆሮሽን የምትደፍኚው?»

«ከአንቺ ተምሬ ነዋ!» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች። እንዲህ ናት።

የደረሰቻት ልጅ ቤታችን የመጣችው አንድ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ሻይ ቤቱ ደግሞ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፤ ስለዚህ ጠበቃ እኛ ቤት እንሁን አለች። ልጅቷ በራችን ላይ ጎንበስ ብላ ነው የገባችው፤ ርዝመቷ ሌላ፣ ቅጥነቷ ሌላ።

«አንቺ ሸንበቆ፣ ከየት ነው እንዲህ የበቀልሽው?» አልኳት።

ጠበቃ በእፍረት ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቷ ግን አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ቋንቋችንን አንድ ዓመት ተምራዋለች፤ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ እየመረጠ እንደሚሻገር ሰው ቃሉን እየመረጠች ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «አባቴም ረጅም ነው» አለችኝ። «የውሃ ቦቴ ነው የሚነዳው። ‹ቧንቧ ዘርጊና እኔን ሥራ አስፈቺኝ› ብሎ ነው የላከኝ።» ከሰፈሯ ዩኒቨርሲቲ የረገጠች እሷ የመጀመሪያዋ ናት፤ የምትማረውም በነጻ የትምህርት ዕድል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ሸንበቆ ሆነ፤ ራሷም ስልክ ስትደውል «ሸንበቆ ነኝ» ትላለች።

ፎርሙን ጠበቃ ጮክ ብላ አነበበችልን። ስንት ሰዓት ተገናኛችሁ፣ ስለ ምን ተነጋገራችሁ፤ መጨረሻ ላይ፣ «በዚህ ሳምንት የተማሪውን ትምህርት የሚያደናቅፍ ችግር አለ?» ይልና ሁለት ሳጥን አለው፤ «አለ» እና «የለም»። «አለ» ካልሽ ከሥሩ ባለው መስመር ላይ ትዘረዝሪያለሽ።

አራት ሳምንት «የለም» አሉ፤ እውነትም አልነበረም። በዚያ ሰሞን ሸንበቆ የወጥ ቤታችንን ቧንቧ ሳይቀር ፈታታ ውስጡ ያለችውን ያለቀች ጎማ አውጥታ አሳየችኝ። ስንት ወር ሲንጠባጠብ የነበረ ቧንቧ ነው። ሁለቱ መሃንዲሶች እጃቸውን እያራገፉ ሲመጻደቁ እኔ ወለሉን ወለወልኩ።

በአምስተኛው ረቡዕ አልመጣችም። ጠበቃ ደወለች፣ አታነሳም። መኝታ ክፍሏ ድረስ ሄዳ ከአንድ ሰዓት በኋላ እጇን ይዛ አመጣቻት። ከነተኛችበት ልብስ ነው፤ ከላይ የጠበቃን ጃኬት ደርባለች።

«ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም» አለችኝ ጠበቃ። «ላብራቶሪም ቀርታለች።»

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አልኳት።

«አላመመኝም እማማ። መነሳት አቃተኝ። ዓይኔን እገልጣለሁ፣ እግሬ ግን አይሄድልኝም።»

ትኩሳት የላት፣ ሳል የላት። ሾርባ ሰጠኋት፤ አራት ማንኪያ እንደ መድኃኒት ዋጠችና ማንኪያውን አስቀመጠች። ከዚያ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። አንጀቴን በላችው። ይህንን ዓይነት አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ወሊድ ክፍል አንሶላ ልሰበስብ ስገባ ልጃቸውን ታቅፈው እንዲህ ግድግዳ የሚያዩ ሴቶች ነበሩ። ሐኪሞቹ ደህና ናቸው ብለው ያልፋሉ። ደህና አይደሉም።

ጠበቃ ፎርሙን አወጣች፤ ብዕሯን አነሳች። «ዛሬ ‹አለ› ብዬ ነው የምሞላው» አለች።

«እስኪ አስቀምጪው!» አልኳት።

«ምኑን?»

«ብዕሩን ነዋ! የሰው ልጅ ጉድ ለቢሮ ልትሰጪ?»

አሁን የምናገረውን ያን ዕለትም ነግሬአቸዋለሁ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አጠገቤ የምትሠራ ጨማቂ ነበረች። ክንዷ የወንድ፣ ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ የሚሰማ። አንድ አዲስ ኃላፊ መጣና ወረቀት አደለን፤ «የጤና ችግር ያለባችሁ ጻፉ፣ ልንረዳችሁ ነው» አለ። እሷ፣ የዋህ፣ «ወገቤን ያመኛል» ብላ አስጻፈች። እኔ የኔ ወገብ ከሷ የባሰ ነበር፤ «ደህና ነኝ» አልኩ። በወሩ «ለሥራው ብቁ አይደለችም» የሚል ደብዳቤ እጇ ላይ ደረሰ። ባልዲዋን አስረክባ ወጣች። እኔ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ።

«ይሄ ሌላ ነው እማማ» አለች ጠበቃ። «ይሄ የሚጠየቀው ለመርዳት ነው።»

«ያም ለመርዳት ነበር።»

«ክሊኒክ ልውሰዳት እሺ። ግቢ ውስጥ አለ።»

«ክሊኒኩስ አይጽፍም? ‹የምትተኛ ልጅ› ብሎ ይጽፍና ይልክላቸዋል። ይልቅ እዚህ አምጪያት፤ እኔ አስነሳታለሁ። ብዙ ነገር አስነስቻለሁ።»

ጠበቃ ወደ ሸንበቆ ዞረች። «የሚጻፈው ያንቺ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሸንበቆ ወረቀቱን በጣቷ ገፋ አደረገችው። «አትጻፊ» አለች። «ቢሮው ዕድሉን ለሰጡኝ ሰዎች ይነግራል። እነሱ ለአባቴ ይነግራሉ።»

ጠበቃ «የለም» ላይ ምልክት አደረገች። ሁለቱም ፈረሙ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክር ተረታችልኝ፤ ምን ላድርግ፣ ኮራሁ። ያን ቀን ሳሎኑን ስጠርግ ለራሴ እያንጎራጎርኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ቆጣሁ፣ አባበልኩ። ዳቦ ግዢ ብዬ ላክኋት፣ ድንች ላጪ ብዬ ቢላ ሰጠኋት። ጠዋት ጠዋት ጠበቃን እሷ ክፍል እልካታለሁ፤ አንዳንድ ቀን አልብሳ እስከ ትምህርት ክፍሉ በር ታደርሳታለች፤ አንዳንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆማ አንኳኩታ አንኳኩታ ለራሷም ትምህርት ዘግይታ ትሄዳለች። ረቡዕ ረቡዕ ስትመጣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። አንዳንዴ ትስቃለች፤ «ዳነችልኝ» እላለሁ። በሳምንቱ ያው ናት።

«እንደው ምን ጎደለብሽ?» አልኳት አንድ ቀን፣ ብሶብኝ። «ወጣት ነሽ፣ ጤነኛ ነሽ፣ ትማሪያለሽ!»

«ምንም አልጎደለብኝም እማማ» አለች። «እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።»

ድንቹን ቀምቻት ራሴ ላጥኩት።

ፎርሙ በየሳምንቱ ይሞላል። ጠበቃ ምልክቷን ታደርጋለች፣ ይፈርማሉ፣ ታስገባለች። አንድም ሳምንት አላሳለፈችም፤ ሥራዋን የምታከብር ልጅ ናት፣ ይህንን ከኔ ነው የወረሰችው። አሥራ ሁለት ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ወረቀት።

ፈተና መጣ። ሸንበቆ ሁለት ትምህርት ወደቀች። ስድስት ላብራቶሪ ቀርታለች፤ መውደቋ ሳይሆን ሌላውን ማለፏ ነው የሚገርመው። ደንቡ፣ በመጀመሪያ ዓመት ሁለት የወደቀ ይሰናበታል ይላል። ችግር የነበረበትና ችግሩም በጊዜው የታወቀ ተማሪ ግን ያንኑ ትምህርት እንዲደግም ይፈቀድለታል። ለሸንበቆ ደግሞ መሰናበት ማለት ከትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በተማሪነቷ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከተሰናበተች በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አገሩን ትለቃለች።

የስንብቱ ደብዳቤ የደረሰ ዕለት ሦስታችንም ወደ ውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄድን። የመካሪዎቹ አስተባባሪ መነጽር ያደረገች፣ ለስላሳ፣ «ይቀመጡ እማማ» ብላ ወንበር የምትስብ ሴት ናት። ልጣላት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ የሚያጣላ ነገር አጣሁባት።

ጠበቃ ሁሉንም ነገረቻት፤ አልጋውን፣ ላብራቶሪውን፣ ጠዋት ጠዋት ማንኳኳቱን። ሴትየዋ ጨርሳ ሰማች። ከዚያ ከመሳቢያ ፋይል አወጣችና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«እስኪ ከነዚህ ውስጥ አንዲት ‹አለ› ፈልጉልኝ» አለች።

ማንም እጁን አልዘረጋም።

«አንዲት ብትኖር ይበቃኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ሦስት ልጆች እንዲህ ሆነው በዚህችው ሳጥን ነው የተረፉት። እኔ ራሴ ይዤ ገብቼ ተከራክሬ። አሁን ምን ይዤ ልግባ?»

«የምትጠይቁት በእውነት ልትረዱ ኖሯል?» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። «እማማ፣ ታዲያ ለምን እንጠይቃለን?»

ያቺ ጨማቂ ትዝ አላለችኝም፤ የኔው ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ የጮኸው። እስኪ አስቀምጪው!

አስተባባሪዋ ይግባኝ አስገባችልን፤ የሚታየው በአምስተኛው ቀን ነው። እኔም እገባለሁ አልኩ። ጠበቃ «ቤተሰብ አይገባም» አለችኝ፤ «እንግዲያው በሩ ላይ እቆማለሁ፤ የሚያልፍ ይራመደኝ» አልኳት። አስተባባሪዋ ለምናልኝ አምስት ደቂቃ ተፈቀደልኝ።

ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት ሰዎች፣ አንዲት ጸሐፊ። ሰብሳቢው ፀጉሩ የከዳው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰውዬ ነው። ሸንበቆ ከፊታቸው ተቀምጣለች፣ ጉልበቷ ጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ ወደ ጎን አዙራዋለች። ጠበቃ ከጎኗ ናት፤ አስተባባሪዋ ጥግ ላይ።

ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ልጅቱ ታማ ነበር። ይቺ ‹አለ› ብላ ልትጽፍ ብዕር አንስታ ነበር፤ አትጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ። ክሊኒክም እንዳትሄድ ያደረግኋት እኔ ነኝ። የምትቀጡት ሰው ካለ ይኸው፣ እጄም እግሬም ሙሉ ነው።»

ሰብሳቢው ፈገግ አለ፤ ክፉ ፈገግታ አልነበረም። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «እማማ፣ አንድ ነገር ግልጽ ያድርጉልኝ» አለ። «መካሪዋ ችግር መኖሩን እያወቀች ነው ‹የለም› ብላ የፈረመችው?»

ጸሐፊዋ መጻፍ ጀመረች። የምትጽፍበት ድምፅ ይሰማኛል፣ ጭር ጭር።

«እኔ ነኝ ያልኩት...» አልኩ።

«ገብቶኛል። የፈረመችው ግን እሷ ናት። እያወቁ የሐሰት ሪፖርት መፈረም የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ያሉት እውነት ከሆነ ለሷም ፋይል እንከፍታለን። ትንሹ ቅጣት የሁለት ዓመት እገዳ ነው።»

«ለዚችኛዋስ? እውነት ከሆነ ትመለሳለች?»

«እሱን ኮሚቴው ያያል። ቃል መግባት አልችልም።»

እንግዲህ ጉድ ፈላ። አንዷን ላወጣ ገመድ ስወረውር ሌላዋን አንገቷ ላይ አሰርኩባት፤ እንዲያውም ያችኛዋም መውጣቷ አይታወቅ።

ጠበቃ ተነሳች። ፊቷ አመድ መስሏል። «አዎ» ብላ ጀመረች፤ «እኔ...»

«አታውቅም ነበር» አለች ሸንበቆ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ቃል እየመረጠች የምትናገረው ልጅ ያን ዕለት አልመረጠችም። «እኔ ደህና ነኝ አልኳት። በየሳምንቱ ደህና ነኝ አልኳት። የነገርኳትን ጻፈች። ላብራቶሪ የቀረሁት ሰንፌ ነው። እማማ ስለሚወዱኝ ነው እንዲህ የሚሉት፤ አርጅተዋል፣ ቀኑ ይምታታባቸዋል።»

እኔን! ቀን ይምታታባቸዋል! በሌላ ቀን ቢሆን ማን እንደሚምታታበት አሳያት ነበር።

«የጠዋቱስ ማንኳኳት?» አለች አስተባባሪዋ ከጥግ፤ ቶሎ ብላ አፏን በእጇ ያዘች፤ ጥያቄዋ ጠበቃን እንደሚያጋልጥ ያን ጊዜ ነው የገባት።

ሰብሳቢው ወደኔ ተመለሰ። «እማማ፣ የትኛው ነው እውነቱ?»

ጠበቃ ዓይኔን ዓይኔን ታያለች። የእጇን አንጓ ያዝኩት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መንገድ ስናቋርጥ እንደምይዛት አድርጌ፣ አጥብቄ። እየጎተተች ነበር። ሸንበቆ አላየችኝም። ጉልበቷን ነው የምታየው።

እድሜ ልኬን ያሰብኩትን ፊት ለፊት ስናገር የኖርኩ ሴት ነኝ። ኃላፊ አልፈራሁ፣ ሐኪም አልፈራሁ፤ ባሌንም በቁሙ ነግሬው ነው የቀበርኩት።

«ልጅቷ እንዳለችው ነው» አልኩ።

ጸሐፊዋ ጻፈችው። አምስት ደቂቃዬ አለቀ ተባልኩ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበረ፤ ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን። ውሳኔው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አስተባባሪዋ ራሷ ይዛው ወጣች፤ ሳታነብበው ነው የገባን። ጠበቃ ተነስታ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው።

«ለምን? ማን ለምኖሽ?» አለቻት ሸንበቆን። «እኔ ልናገር ነበር እኮ!»

«አንቺ ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ» አለች ሸንበቆ። «እኔ ገና ምንም አልጀመርኩም። ደግሞ ቢያስቀሩኝስ፣ ነገ ጠዋት እነሳለሁ? አላውቅም።»

ጠበቃ ወደኔ ዞረች። የሚመጣውን ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። የማትከራከርበት ነገር የሌላት ልጅ፣ አንዲት ቃል አላለችኝም። ቦርሳዋን አንስታ የሸንበቆን ክንድ ይዛ ደረጃውን ወረደች። እኔ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ፣ አንድ አንድ ደረጃ፣ ከኋላ።

አሥራ አምስቱ ቀን አሥራ አንድ ሆኖ ነው ያለቀው፤ ትኬቱ የተገኘው ለዚያ ቀን ነበር። አስተባባሪዋ ሦስት ደብዳቤ ጻፈችላት፤ ሦስቱም «በፋይሉ መሠረት» እያሉ ተመለሱ። ፎቁን ሁሉ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ወንበር ያልሳበልኝ ቢሮ የለም። ሁሉም ይሰሙኛል፣ ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ አሥራ ሁለቱን ወረቀት ይገልጣሉ። አንዱ ወጣት እንዲያውም «ሁለት ፊርማ አለው እኮ እማማ» አለኝ፤ ልጅቷ ላይ በእጄ የፈረምኩባት ይመስል። ይመስል ማለቴም ለራሴ ማዳላት ነው።

የሄደች ዕለት እኔ ሻንጣዋን አልጋዋ ላይ ዘርግቼ ልብሷን አጣጠፍኩላት። ይህን አውቃለሁ፤ ማንም ከኔ እኩል አያጥፍም። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«አባትሽን ምን ትይዋለሽ?» አልኳት።

«ትምህርቱ ከበደኝ እላለሁ።»

«ውሸት ነው። ቧንቧ ስትፈቺ አይቼሻለሁ።»

«ሌላውን ብነግረው አይገባውም እማማ። እርስዎስ ገባዎት?»

አልገባኝም ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ሹራቧን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጠፍኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት አፌን ስከፍት ጠበቃ መኪናው መጥቷል ብላ ገባች፤ ሻንጣውን ይዘው ወጡ። አውሮፕላን ማረፊያ አልሄድኩም፤ መኪናው ውስጥ ቦታ አልነበረም። ቦታ ቢኖርም የጠራኝ የለም።

በዓመቱ መዝጊያ ለጠበቃ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት፤ «ሳምንታዊ ሪፖርቷን ሳታቋርጥ በማቅረቧ» ይላል። ቤት ይዛው አልመጣችም፤ የክፍሏ ልጅ ናት የነገረችኝ። በቀጣዩ ዓመት መካሪ እንድትሆን ሲጠይቋት እምቢ ብላለች። ከኔ ጋር ትነጋገራለች፤ ዳቦ አለ ወይ፣ በሩን ቆልፊው፣ እንዲህ እንዲህ እያለች። አትከራከረኝም። የምላትን ሁሉ «እሺ» ትላለች፤ ቤቱ ጭር አለብኝ።

ትናንት ሳህን እያጠበች ስልኳ ጮኸ፤ ሸንበቆ ናት። ጠበቃ እጇ እርጥብ ስለነበር እኔ አነሳሁት። ከሄደች ስድስት ወር አልፏታል። ከበስተኋላዋ የመኪና ሞተር ይሰማል፤ የአባቷ ቦቴ መሰለኝ።

«ጠዋት ትነሻለሽ?» አልኳት፤ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«እነሳለሁ እማማ።»

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።»

«አባትሽስ?»

«አልተቆጣም። ሁሉም ነገር ደህና ነው። ምንም ችግር የለም።»

ጥያቄዬን ሳልጨርሰው ነው የምትመልሰው፤ ጥርት አድርጋ፣ ሳትንተባተብ። እዚህ ሳለች እንዲህ ፈጥና ተናግራ አታውቅም። ይቅርታውን ልጠይቅ አልኩና፣ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው በምኑ ይቅር ይበለኝ? «በርቺ» ብዬ ስልኩን ለጠበቃ ሰጠኋት። ሲጨርሱ ጠየቅኋት።

«እውነቷን ነው?»

ሳህኑን ወደ ውሃው መለሰችው። «እኔ በምን አውቃለሁ እማማ» አለችኝ።